መጀመሪያ ስበሩት

ልጆቼ፣ ከጂኦሎጂ ሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ብርሃን ያለው በረንዳዬ የድንጋይ መቀበያ ሆኗል። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከጀማ ሸለቆ በፌስታል ተቋጥሮ ይመጣል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ይሸጣል?» እኔ ደግሞ «ከየት አነሳኸው?» እላለሁ። የጀማ ገደል አናቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ወረድ ሲሉ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች የኖራ ድንጋይ። ከየትኛው እርከን እንደተነሳ ከታወቀ ድንጋዩን የመለየቱ ሥራ ተጋመሰ።

ቀጥሎ ስበሩት፤ ዓይናችሁን ግን በመነጽር ሸፍኑ። ስበሩት የምለው ስለተቀጣሁበት ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ነጭ ድንጋይ ላይ አሲድ ጠብ አድርጌ አረፋ ሲደፍቅ «የኖራ ድንጋይ» ብዬ መዘገብኩ፤ የአካባቢውን የድንጋይ ካርታም በዚያው ቀለም ቀባሁት። አለቃዬ ምንም ሳይናገር መዶሻ አነሳ። ውስጡ ከሰል የመሰለ ጥቁር ድንጋይ! አረፋ የደፈቀው ላዩ ላይ የተጋገረው ነጭ ቅርፊት ብቻ ነበር። ካርታውን እንደገና ሠራሁ።

እቤት በአሲድ ፈንታ አቼቶ ይበቃል። ከተሰበረው ፊት ትንሽ ፈቅፍቃችሁ ዱቄቱ ላይ ጠብ አድርጉና ጆሯችሁን አስጠጉ፤ አረፋው ደካማ ስለሆነ ከማየት መስማት ይቀላል። ጂፕሰምን (የጄሶ ድንጋይን) ጥፍር ይጭረዋል፣ የኖራ ድንጋይን ምስማር፤ ኳርትዝ የሚባለው ጠንካራ ማዕድን ግን ራሱ ጠርሙስ ይጭራል። የምስማሩ ብረት ተቀብቶ ጭረት እንዳይመስላችሁ በጣት ጠረግ አድርጉት።

የሚያብለጨልጭ ቢጫ ያገኘ ሰው ስኒ ይገልብጥና ያልተቀባው ሻካራ ግርጌ ላይ ይሽው። ወርቅ ቢጫ መስመር ይተዋል፣ ወርቅ መሳዩ ማዕድን ፓይራይት ጥቁር። በረንዳዬ ላይ እስካሁን ቢጫ መስመር አላየሁም።

እኔ ከሁሉም የምወደው ሚዛን ነው። ድንጋዩ 212 ግራም መዘነ እንበል። ውሃ የያዘ ሳህን ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ቁጥሩን ዜሮ አድርጉ። ድንጋዩን በክር አንጠልጥላችሁ፣ ታቹን ሳይነካ፣ ውሃው ውስጥ አጥልቁት። 80 ካሳየ፣ 212ን ለ80 ስታካፍሉ 2.65 ይመጣል፤ ድንጋዩ ከእኩል መጠን ውሃ 2.65 ጊዜ ይከብዳል ማለት ነው፤ ይህም የኳርትዝ ልክ ነው። የኖራ ድንጋይም 2.7 ገደማ ስለሆነ ምስማሩን አትጣሉ።

ሰሜን ሸዋ ካለው ከመዘዞ የመጣ ቡናማ ድቡልቡል ድንጋይ ከሆነ ግን መዶሻውን አስቀምጡ። ውስጡ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ሊኖር ይችላል፤ ኦፓል ደግሞ ውሃ ያዘለ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ እንኳ ሊሰነጠቅ ይችላል። በጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጡልኝ፤ ብቻ ከቡና በፊት አይሁን።