ቁጥሩን ከህዳጉ አትነጥሉት፦ በስታቲስቲክስ ሙያ ለምትጀምሩ

ልጆቼ፣

ጸጉሬ የሸበተው አሜሪካ ውስጥ የካውንቲዎችን፣ ማለትም ከክፍለ ግዛት በታች ያሉ አስተዳደሮችን፣ የገቢ ግምት ስሠራ ነው። ከኢትዮጵያ መጥታችሁም ሆነ እዚሁ ተወልዳችሁ ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ልጆች "ከምን እንጀምር?" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሶፍትዌሩን ክፍል ውስጥ ታገኙታላችሁ። እኔ የምነግራችሁ አንድ ጊዜ ያሳፈረኝን ነገር ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ስለ አንድ ትንሽ የገጠር ካውንቲ ሪፖርት ጻፍኩ። የቤተሰብ ገቢው ሚዲያን፣ ማለትም ቤቶቹ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ገቢ ቢሰለፉ መሐል ላይ የሚገኘው ገቢ፣ ከ52,000 ዶላር ወደ 47,000 ወረደ አልኩ። በሁለቱም ጊዜ 6,000 ዶላር የነበረውን የስህተት ህዳግ፣ ማለትም ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት የሚችልበትን መጠን፣ ሰንጠረዡን ያጨናንቃል ብዬ አወጣሁት። ስብሰባው ላይ አንዲት አዛውንት እጃቸውን አውጥተው "ስንት ቤት ጠይቃችሁ ነው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሁለቱን 6,000 እያንዳንዱን በራሱ አባዛሁ፣ ደመርኩ፣ ስኩዌር ሩቱን ወሰድኩ፤ የልዩነቱ ህዳግ 8,485 ሆኖ ወጣ። እኔ "ወረደ" ያልኩት ልዩነት 5,000 ብቻ ነበር። ገቢው ይውረድ ወይም ባለበት ይቁም፣ መረጃው አልተናገረም፤ ያልተናገረውን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሪፖርቱን አርሜ መልሼ ላክሁ፤ የሴትዮዋ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የህዳጉ ስፋት ምክንያት አለው። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት የሆነው ሴንሰስ ቢሮ፣ አሜሪካን ኮሚዩኒቲ ሰርቬይ በሚባለው የቤት ለቤት መጠይቁ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ግድም አድራሻዎችን በናሙና ይመርጣል። ይህ ከ3,100 በላይ ለሆኑ ካውንቲዎች ሲከፋፈል ለትንንሾቹ የሚደርሳቸው እፍኝ የማይሞላ ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመት መደበኛ ውጤት የሚወጣው 65,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ብቻ ሲሆን፣ ለሌሎቹ የአምስት ዓመት መልስ ይጠራቀማል። ቴክሳስ ያለው ላቪንግ ካውንቲ በ2020 ቆጠራ 64 ሰው ብቻ ነበረው። እዚያ አንድ ሁለት ቤት ለናሙና ቢመረጥ ባይመረጥ ሚዲያኑን ወዲያና ወዲህ ያንገላታዋል።

ታዲያ ለእንዲህ ያለ ካውንቲ በየዓመቱ ግምት ማውጣት እንዴት ይቻላል? ሴንሰስ ቢሮ ለዚህ ሥራ ሳይፒ የሚባል ፕሮግራም አለው። በዚህ ሙያ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ፕሮግራሙ ሁለት ምስክር ያቀርባል። አንዱ ሰዎች በናሙናው የሰጡት መልስ ነው። ሌላው የግብር መዝገብንና የመሳሰሉትን የመንግሥት መረጃዎች ይዞ፣ እንዲህ ያለ ካውንቲ ምን ያህል ገቢ ሊኖረው እንደሚገባ የሚገምት ቀመር ነው። ናሙናው ብዙ በሆነበት፣ ለምሳሌ 10 ሚሊዮን ገደማ ሰው ባለበት በሎስ አንጀለስ ካውንቲ፣ የሚደመጠው የሰዎቹ መልስ ነው። ናሙናው በሳሳበት ደግሞ ሚዛኑ ወደ ቀመሩ ያደላል። ሮበርት ፌይና ሮጀር ሄሪዮት ይህን መንገድ ለትንንሽ ቦታዎች ገቢ ያሳዩት በ1979 ነው፤ ጽሑፋቸውን እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት። ቀመሩ የሚሠራው ከብዙ ካውንቲዎች መረጃ ስለሆነ፣ ትንሹ ካውንቲ ከሌሎች እየተበደረ ይቆማል ማለት ነው፤ ብድሩ ግን በግልጽ መጻፍ አለበት።

"ቤተሰብ" የሚለው ቃል ደግሞ ለእኛ ልጆች ወጥመድ ነው። ሴንሰስ ቢሮ በአንድ ቤት የሚኖሩትን ሁሉ፣ ዘመድ ባይሆኑም፣ "household" ብሎ አንድ አድርጎ ይቆጥራል። የሥጋ፣ የጋብቻ ወይም የጉዲፈቻ ዝምድና ያላቸውን ብቻ ደግሞ "family" ብሎ ለብቻ ያወጣል። አማርኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠራል። ቨርጂኒያ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ዝምድና የሌላቸው ሦስት ወንድ ልጆች አንድ አፓርታማ ተከራይተው እያንዳንዳቸው 40,000 ቢያገኙ፣ በመጀመሪያው አቆጣጠር ቤቱ የ120,000 ዶላር ቤት ነው። በሁለተኛው ከነጭራሹ አይገቡም። ለኪራይ ድጋፍ የገቢ ጣሪያ የሚወጣው ደግሞ ከሁለተኛው ተነስቶ ነው። ሰንጠረዥ ስትከፍቱ የትኛው እንደሆነ ሳታጣሩ አንድ መስመር አትጻፉ።

የሰፈሮችን ሚዲያን ደምሮ በማካፈል የካውንቲ ሚዲያን አይገኝም። ይህን ስህተት ትልልቅ ሰዎች ሲሠሩት አይቻለሁ። ወደ ገቢ እርከኖቹ ተመለሱ፣ በየእርከኑ ያሉትን ቤቶች ከታች ጀምራችሁ ደምሩ፣ ግማሹ የሚደርስበትን እርከን ፈልጉ።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከሴንሰስ ቢሮ የሚመጣው የዚህ ሰርቬይ ወፍራም ፖስታ በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ሳይከፈት ይጣላል፤ እናቶቻችን የመንግሥት ደብዳቤ ይፈራሉ። መልሱ በሕግ ምስጢር መሆኑን በአማርኛ አስረዷቸው። ቅጹ ዕድሜው 15 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ሰው ሁሉ ያለፉት 12 ወራት ገቢ ይጠይቃል። የደመወዝ ወረቀታቸውን አውጡ፣ ቡናው እስኪፈላ አጠገባቸው ቁጭ በሉና አብራችሁ ሙሉት።