የውስጡ ስኪ ሲሸሽና ሲጋጭ
«ሰማያዊ ተዳፋት ላይ ስታጠፍ የውስጡ ስኪ አንዴ ይሸሸኛል፣ አንዴ ከሌላው ጋር ጫፍ ለጫፍ ይጋጫል» ላልከው ወንድማችን (ስኪ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት እግር ላይ የሚታሰር ረጅም ሰሌዳ ነው፤ ሰማያዊ ተዳፋት ደግሞ ከቀላሉ ከአረንጓዴው ቀጥሎ ያለው የአስቸጋሪነት ደረጃ ነው)፦ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። ወደ ግራ ስትዞር የግራው የውስጥ፣ የቀኙ የውጭ ስኪ ይባላል። ተረግጦ በተደለደለ በረዶ ላይ አብዛኛውን ክብደትህን መሸከም ያለበት የውጩ ነው።

ሁለቱ ስኪዎች እንደ መቀስ የሚከፈቱት ክብደትህ ወደ ውስጥ ሲወድቅ ነው። ሰው መዞር ሲፈልግ እንደ ብስክሌት ነጂ መላ አካሉን ያጋድላል። ያኔ የውስጡ ስኪ ጭነት ያገኛል፣ ጠርዙ በረዶውን ይነክሳል፣ በራሱ መንገድም ይሄዳል፤ የውጩ ደግሞ ቀሎት ይንሸራተታል። እግሩን በጉልበት ለመመለስ መታገል ዋጋ የለውም። የሚታረመው ከወገብ በላይ ነው፦ እግሮችህ ወደ ውስጥ ሲያዘነብሉ ደረትህ ወደ ውጩ ስኪ ያድላ፣ የውስጡ ትከሻ አይውደቅ። መፈተኛው ቀላል ነው። በመዞሪያው መካከል የውስጡን ስኪ ጭራ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አንሣ፣ ጫፉ ግን በረዶውን ይንካ። ካልተነሣልህ ክብደትህ እዚያው ላይ ነው።

መጋጨቱ ግን የጉልበት ጉዳይ ነው። የውጩን ጉልበት ወደ ውስጥ ትገፋለህ፣ የውስጡ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ የውጩ ስኪ በጠርዙ ሲታጠፍ የውስጡ ለጥ ብሎ ቀጥታ ይሄዳል፤ መንገዳቸውም ይገናኛል። ከፊት ሆኖ ቪዲዮ የሚያነሣህ ሰው ካለ፣ አገዳዎችህ ትይዩ መሆን ሲገባቸው ጉልበቶችህ ተጠጋግተው ታያቸዋለህ። መዞሩን በውስጡ እግር ጀምረው፦ በስኪ ጫማው (ቡቱ) ውስጥ ቁርጭምጭሚትህን ወደ ትንሿ ጣት በኩል አዘንብል። ጉልበቱ ይከተላል፣ የውጩም እግር ሳትጠራው ይመጣል። እንዲያውም የውስጡ ስኪ የሚሄደው በጠባቡ ቅስት ስለሆነ ከውጩ ያነሰ ማዘንበል የለበትም። የጎኑ ቅስት ራዲየስ 16 ሜትር የሆነ ስኪ በ60 ዲግሪ ሲያዘነብል ቅስቱ ወደ 8 ሜትር ግድም ይጠብባል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር አለ፤ የውስጡ እግር ወደ ፊት መቅደሙ። ይህ እግር የበለጠ ይታጠፋል፣ ቡቱ ግን ቁርጭምጭሚትን እንደ ልብ አያሳጥፍም፤ ስለዚህ እግሩ ወደ ፊት ይሾልካል። የቡት ግማሽ ያህል ቢቀድም ግድ የለም። ሙሉ ቡት ከቀደመ ግን ዳሌህ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ተረከዝህ ላይ ትቀመጣለህ። እግሩን ወደ ዳሌህ ሥር ሳበው፤ የቡቱ ምላስ አገዳህን ሲጫን ይታወቅሃል። ይህን ገና መዞር ስትጀምር አድርገው፣ መሀል ከደረስክ በኋላ አይመለስም።

ያልተረገጠ ጥልቅ በረዶ ላይ «ክብደቱን የውጩ ስኪ ይሸከም» የሚለው ሕግ ይላላል፤ አንዱን ብቻ ከጫንከው ስለሚሰምጥ ክብደቱን ለሁለቱም አካፍል።

ልምምዱን በአረንጓዴው ተዳፋት አድርገው። ሰማያዊው ላይ ፍርሃት ሲመጣ መጀመሪያ ወደ ተራራው የሚወድቀው ትከሻ ነው፤ ያኔ ስኪዎቹ እንደገና ይከፈታሉ።