ጋሼን ይጠይቁ፦ ቀበቶውን ይዞ የቀረው የ19 ዓመት ልጅ

ባለፈው እትም ስለ ጎልፉ «ዘ ኦፕን» ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ጎንደር ላይ ከፋሲል ከነማና ከሩጫ ሌላ ማን ይጠይቀኛል ብዬ ተዘናግቼ ሳለ ደብዳቤው ጎረፈ። እንግዲህ ዛሬ ዓምዱ የጎልፍ ነው፤ ኳስ ወዳዶች ታገሡኝ።

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ፦ ዘ ኦፕን በብሪታንያ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የሚካሄድ፣ ከፕሮፌሽናል የጎልፍ ውድድሮች ሁሉ አንጋፋው ነው። ኳሷን በዱላ እየመቱ ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት ነው። አራት ቀን፣ በቀን 18 ጉድጓድ፣ በድምሩ 72። ሁሉንም በትንሽ ምት የጨረሰ ያሸንፋል። በቃ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ውድድሩ በ1860 ተጀመረ ብለዋል። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የተሰዉት በ1860 አይደል እንዴ? እንግሊዞች እኛን እየወጉ ጎልፍ ይጫወቱ ነበር ማለት ነው?» — ከአዘዞ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ልጄ፣ ሁለት አቆጣጠር ተቀላቅሎብሃል። 1860 ያልኩት በፈረንጅ ነው። በእኛ ሲሰላ ጥቅምት 8 ቀን 1853 ዓ.ም. ይሆናል። ያኔ የቋራው ካሳ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። የመቅደላው 1860 ደግሞ በፈረንጅ 1868 ነው። እየወጉን ይጫወቱ ነበር ወይ ላልከው፣ አዎ። በ1867ም በ1868ም ውድድሩ አልቀረም። እንዲያውም ንጉሡ ሚያዝያ ላይ ሽጉጣቸውን ከጠጡ አምስት ወር ቆይቶ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ሻምፒዮን ሆነ። እሱን ቀጥዬ አነሳዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው፤ እንዳትምታቱ።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ሴንት አንድሩስ በምትባል የስኮትላንድ ከተማ አለን ሮበርትሰን የሚባል ሰው ነበር። የዘመኑ አንደኛ እሱ ነው፤ ክርክር የለም። በ1859 ሞተ። ታዲያ አሁን አንደኛው ማን ነው? በምዕራቡ ጠረፍ ያለው የፕረስትዊክ ክለብ «ይለይላቸው» አለና ውድድር ጠራ። ስምንት ሰው መጣ። ሜዳው 12 ጉድጓድ ብቻ ስለነበረው ሦስት ጊዜ ዞሩት፤ 36 ጉድጓድ በአንድ ቀን። የመስልበራው ዊሊ ፓርክ በ174 ምት ጨረሰ። ቶም ሞሪስ በ176 ተከተለው። ሽልማቱ የብር ዘለበት ያለው ቀይ የቆዳ ቀበቶ ነበር። ገንዘብ? ሰባራ ሳንቲም የለም።

«ጋሼ፣ ባለቤቴ አባትና ልጅ ተከታትለው ያሸነፉበት ውድድር ነው ይላል። እኔ ተረት ነው ብዬ ተከራክሬያለሁ። ይፍረዱን።» — ከማራኪ፣ መምህርት

እህቴ፣ ባለቤትሽ ረቶሻል። ያም ብቻ አይደለም። ከ1860 እስከ 1870 ከተካሄዱት 11 ውድድሮች 10ሩን ሁለት ቤተሰብ ብቻ ተከፋፈለው፤ ፓርክ ሦስት፣ ሞሪሶች ሰባት። መሀል ላይ በ1865 አንድሩ ስትራዝ አንዷን ነጠቃቸው።

አባትየው ቶም አራት ጊዜ አሸነፈ፤ በ1861፣ በ1862፣ በ1864 እና በ1867። በመጨረሻው 46 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ ልጁ ቶሚ ተነሣ፤ 17 ዓመቱ። ከአሸናፊዎች ሁሉ በዕድሜ ትልቁ አባት፣ ትንሹ ልጅ ናቸው፤ እስከ ዛሬ የሰበረው የለም። እንዲህ ያለ ቤት የት ይገኛል?

ቶሚ በ1869ም ደገመ። በ1870 ደግሞ ሁለተኛውን በ12 ምት ጥሎት ሄደ። ደንቡ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ቀበቶውን የግሉ ያደርጋል ይላል። የ19 ዓመቱ ልጅ ቀበቶውን ይዞ ቤቱ ገባ። አዘጋጆቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በ1871 ሽልማት ስላልነበረ ውድድሩም አልተካሄደም! በ1872 ሦስት ክለቦች ተስማምተው ወጪውን ተካፈሉና 30 ፓውንድ የሚያወጣ የብር ማንቆርቆሪያ አዘዙ። ወይን ጠጅ መቅጃ ነው እንግዲህ። ዛሬ ሻምፒዮኖች የሚስሙት የእሱን ቅጂ ነው። በዚያ ዓመትም ያሸነፈው ቶሚ ነው። ማንቆርቆሪያው ስላልደረሰ ሜዳሊያ ሰጡት፤ በእጁ ሳይዘው ስሙ ግን ከሁሉም በላይ ተቀረጸበት። በእጁ ለመቀበል የመጀመሪያው በ1873 ያሸነፈው ቶም ኪድ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ደስ አይልም፤ ግን ጠይቀሻልና ልንገርሽ። መስከረም 1875 አባትና ልጅ ኖርዝ በርዊክ ላይ ከፓርክ ወንድማማቾች ጋር እየተጫወቱ ነበር። ቴሌግራም ደረሰ፤ የቶሚ ሚስት ምጥ ጠንቶባታል። ከቤታቸው የሚለያቸው የባሕር ወሽመጥ ነው። አንድ ሰው ጀልባውን ሰጣቸው። ሌላ ቴሌግራም ተከተለ፤ እናትም ሕፃኑም የሉም። ቶሚ ከዚያ በኋላ ሰው አልሆነም። በዚያው ዓመት፣ በእነሱ የገና ዕለት፣ በ24 ዓመቱ ሞተ። አባትየው ልጁን ቀብሮ እስከ 1908 ኖረ።

«ይሄ የሀብታም ጨዋታ ነው። እኛን ደሃዎቹን ምን ሊፈይደን ያወሩልናል?» — ከደባርቅ፣ ስሙን ያልጻፈ

ወንድሜ፣ የክለቦቹን አባላት ካልክ እውነትህን ነው። ሻምፒዮኖቹን ካልክ ግን አልስማማም። ዊሊ ፓርክ በልጅነቱ የሌላውን ሰው ዱላ ተሸክሞ እየተከተለ ያደገ ነው፤ ካዲ ይሉታል። ቶም ሞሪስ ኳስ ሰፊ ነበር፤ ያውም ያ ሮበርትሰን ቀጥሮት። የያኔው ኳስ የቆዳ ከረጢት ነው። አንድ ረጅም ባርኔጣ የሚሞላ የተቀቀለ የዝይ ላባ በትንሽ ቀዳዳ እየተጠቀጠቀ ይገባበታል፤ ከዚያ ይሰፋል። ሲደርቅ ላባው ይነፋል፣ ቆዳው ይሸመቀቃል፤ ኳሷ ድንጋይ ትሆናለች። ቀን ሙሉ ተጎንብሶ የሚሰፋ ሰው የሚያወጣት ጥቂት ናት። ኋላ ከዛፍ ሙጫ የሚሠራ ርካሽ ኳስ መጣ። ሮበርትሰን እንጀራዬን ሊያሳጣኝ ነው ብሎ ጠመደው። ቶም በአዲሱ ኳስ ሲጫወት ተገኘና ጌታና ሎሌ ተቀያየሙ። ቶም ፕረስትዊክ ሄዶ ሜዳ ጠባቂ ሆነ። ስለዚህ በ1860 የተወዳደረው ራሱ ባዘጋጀው ሣር ላይ ነው።

እኛ ዘንድ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ጌታውም ሎሌውም አንድ ሜዳ ላይ ለአንዲት ጥንግ ይራኮታል፤ እግሩን የተመታ ጌታ ዋጥ ያደርጋታል። የእነሱ ሌላ ነው። ጌቶቹ ውድድሩን ያዘጋጃሉ፣ ብር ያስይዛሉ፤ ሠራተኛው ይመታል። ሲጨርስ የክለቡ ቤት በር ይዘጋበታል። ይህ እስከ 1920ዎቹ ዘልቋል። አሜሪካዊው ዋልተር ሄገን በ1920 ዲል ላይ ልብስ መቀየሪያ ግቢ አትገባም ሲባል ምን አደረገ? ዘናጭ መኪና ተከራይቶ ክለቡ በር ላይ ገትሮ እዚያው ውስጥ ልብሱን ቀየረ። ውጤቱ ሲታይ መጨረሻ አካባቢ ነበር፤ ኩራቱ ግን አንደኛ። በ1923 ትሩን ላይ ሁለተኛ ወጣ። ለሽልማቱ ጊዜ «አሁን ግባ» አሉት። አልገባም አለ፤ ሕዝቡን ይዞ መጠጥ ቤት ሄደ። እኔ ሄገንን የምወደው አራት ጊዜ ስላሸነፈ አይደለም፤ ለዚህ ነው።

ገንዘቡንም ላንሳ። በ1863 አሥር ፓውንድ ቀረበ፤ ያውም ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ለወጡት። ሻምፒዮኑ ቀበቶ አለው ተብሎ ታለፈ። በ1864 አሸናፊው ቶም ሞሪስ ስድስት ፓውንድ አገኘ። በ2025 ሮያል ፖርትረሽ ላይ ያሸነፈው ስኮቲ ሼፍለር የወሰደው 3.1 ሚሊዮን ዶላር ነው። በብር አታስላው፤ እንቅልፍ ይነሳሃል።

«አፍሪካዊ አሸንፎ ያውቃል?» — ከቆላድባ

ያውቃል፤ አሥራ አንድ ጊዜ። አንዷን የዚምባብዌው ኒክ ፕራይስ (1994) ወሰዳት፤ አሥሩ የደቡብ አፍሪካውያን ናቸው። ቦቢ ሎክ አራት (1949፣ 1950፣ 1952፣ 1957)፣ ጋሪ ፕሌየር ሦስት (1959፣ 1968፣ 1974)፣ ኤርኒ ኤልስ ሁለት (2002፣ 2012)፣ ሉዊ ኡስትሃይዘን አንድ (2010)። አምስቱም ነጮች ናቸው። ጥቁር አፍሪካዊ እስካሁን የለም።

ለምን ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ፓፕዋ ሰውጎሉም የሚባል የደርባን ካዲ ነበር፤ ዘሩ ከህንድ። ዱላውን የሚይዘው እጁን ገልብጦ ነው፤ ያስተማረው የለማ። በ1963 በአገሩ የናታል ኦፕንን ነጮቹን ሁሉ ረትቶ አሸነፈ። በአፓርታይድ ምክንያት ክለቡ ቤት መግባት አይችልም። ዝናብ ይዘንባል። ዋንጫውን ደጅ ዝናቡ ላይ አቁመው ሰጡት። እንግዲህ ስንት ፓፕዋ ሜዳው በር ላይ እንደቀረ አንተው ገምት።

«ብዙ ጊዜ ያሸነፈው ማን ነው? በአጭሩ።» — ከፒያሳ፣ ባለ ሱቅ

ሃሪ ቫርደን፣ ስድስት ጊዜ፤ ከ1896 እስከ 1914። የአትክልተኛ ልጅ፣ ራሱም አትክልተኛ። መሀል ላይ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሞት አፋፍ ደርሶ ተመልሷል። አምስት አምስት ያላቸው ጄምስ ብሬድ፣ ጄ. ኤች. ቴይለር፣ ፒተር ቶምሰንና ቶም ዋትሰን ናቸው። ታይገር ውድስ ሦስት አለው።

በአጭሩ ብለሃል፤ ስለ ዋትሰን ግን አንድ ነገር ካላልኩ አይሆንልኝም። ሐምሌ 2009 ተርንቤሪ ላይ 59 ዓመቱ ነበር። ሊሞላው ጥቂት ሳምንት የቀረው ስልሳ! እኔ የማየው እዚሁ ከአንድ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ባለቤቱ ጎልፍ ክፈት ስለው ሁሌ «ጋሼ፣ ሣር ለማየት ነው ብር የሚከፍሉት?» እያለ ነው የሚከፍትልኝ። ያን ቀን ግን ውጭ ዶፍ ስለሚጥል የገባው ሰው ሁሉ ታግቶ አብሮኝ አየ። ሽማግሌው በመጨረሻው ጉድጓድ ከሁለት ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ብትገባለት ስድስተኛውን ወስዶ ከቫርደን ጋር ይስተካከላል። ሳታት። ደንቡን የማያውቁት ሁሉ «ኧረ በማርያም!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። በተጨማሪው ጨዋታ ስቱዋርት ሲንክ በላው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ሪሞቱን ራሱ ያቀብለኛል።

«ጋሼ፣ ስልኬ ላይ ሱሪውን ጠቅልሎ ወንዝ ውስጥ የቆመ ጎልፍ ተጫዋች ቪዲዮ ደረሰኝ። እውነት ነው ወይስ ቅንብር?» — ከአራዳ፣ ፀጉር አስተካካይ

እውነት ነው። ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ ነው፤ 1999፣ ካርኑስቲ። አንድ ጉድጓድ ሲቀረው በሦስት ምት ይመራል። ስድስት ምት ፈጅቶ ቢጨርሳት እንኳ ዋንጫው የእሱ ነው። ፈረንሳዊ ደግሞ ከ1907ቱ አርኖ ማሲ ወዲህ አሸንፎ አያውቅም። ቀስ ብሎ ትንንሽ እየመታ መግባት ይችል ነበር። እሱ ግን ትልቁን ዱላ አነሣ። የመጀመሪያው ወደ ቀኝ ወጣ። ሁለተኛው የተመልካች መቀመጫ ብረት መትቶ ተመልሶ ረጅም ሣር ውስጥ ወደቀ። ሦስተኛው ባሪ በርን የሚባለው ጅረት ውስጥ ገባ። ጫማና ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ወረደ። ከውኃው ውስጥ ልመታ ነው ብሎ ቆመ፤ ኳሷ እየሰጠመች ስትሄድበት ተወው። በቅጣት አንድ ምት ተጨመረበት፤ ቀጥሎ ደግሞ አሸዋ ውስጥ ገባ። በሰባት ጨረሰ። ሰባተኛዋን ሲያስገባት የነበረው ድፍረት ግን ይደነቃል።

ሦስት ሰው እኩል ሆነና በአራት ጉድጓድ ለዩ። ያሸነፈው ፖል ላውሪ ነው፤ የአበርዲን ልጅ። የመጨረሻውን ቀን ሲጀምር ከመሪው በአሥር ምት ርቆ ነበር። ከዚያ ርቀት ተነሥቶ ያሸነፈ የለም። የእሱን ቪዲዮ የሚልክ ሰው ግን አላየሁም፤ ፈልገህ እየው። በተለይ መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ያችን ጅረት አሻግሮ ባንዲራው ሥር ያሳረፋትን ሁለተኛ ምት።