አያታችሁን ይዛችሁ ጓሳ ውጡ

ልጆቼ፣ አያት ያላችሁ ይህን ደብዳቤ በጥሞና አንብቡልኝ። የሌላችሁም የሰፈር ሽማግሌ አታጡም።

ሠላሳ አራት ዓመት መሬት ስቀይስ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ገና ሥራ እንደ ያዝኩ፣ ካርታ ማንበቤ ልቤን ባሳበጠው ሰሞን፣ ከእናቴ አባት ጋር አንድ ቀን በሰሜን ሸዋው ሣራም ደጋ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ዋልኩ። ሐሳቡ የእኔ አልነበረም፤ «እግሬ ሳይከዳኝ ጓሳን ልየው» ብለው የለመኑኝ እሳቸው ናቸው።

ቤት ውስጥ ስለ ድሮው ስጠይቃቸው «እንጃ ልጄ፣ ረሳሁት» ይሉኝ ነበር። እዚያ ግን ጅረቱም ጉብታውም ወሬ ያስታውሳቸው ጀመር። ጓሳው በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ እንደ ነበር (ስሙን ዛሬ ለሌላ ነገር ታውቁታላችሁ)፣ ሣሩ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ተከልሎ ከቆየ በኋላ ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ሲፈቅድ በበጋ እንደሚታጨድ ነገሩኝ። የቤቱ ክዳን፣ ገመዱ፣ የዝናቡ ገሳ ሁሉ ከዚያ ሣር ነው። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ ፈርሷል። እኔ ድንበሩን በካርታ ስፈልግ እሳቸው በምርኩዛቸው ከሸንተረር ሸንተረር አሳዩኝ።

ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኙትን ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ አየን። ቀይ ቀበሮ አላየንም፤ አየሁ ብዬ ብዋሻችሁ ደስ ባለኝ።

ስትሄዱ ከፊት ከፊት አትቅደሙ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል፤ ለወጣት ሳንባም ይከብዳል። ጋቢ ወይም ባና፣ ቆሎ፣ በፔርሙዝ ሻይ ያዙ። ከሁሉ በላይ የመመለሻ ሰዓታችሁን አታጥብቡ። እኔ መኪና ያመልጠኛል ብዬ ቀኑን ሙሉ ሰዓቴን ሳይ ዋልኩ። እሳቸው «ትንሽ እንቀመጥ» ሲሉ፣ «አይ፣ ይመሽብናል» አልኳቸው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልንመለስ ስንል የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጠሰ። አጠገቤ ካለው ሣር ልነጭ ጎንበስ ስል በምርኩዛቸው እጄን ነካ አደረጉኝ።

«አልተከፈተም» አሉ።

ጠባቂ የለም። አለቃ የለም። ሥርዓቱ ከፈረሰ ዓመታት አልፈዋል። «አያ፣ አዋጁ እኮ ይህን ሽሮታል፤ አሁን ማን ይከለክለናል?» ብዬ ተከራከርኳቸው፤ አዋጁን ላስረዳቸውም ሞከርኩ። አልሰሙኝም። ዝናብ ቢመጣ ብለው ከደረቡት አሮጌ ገሳ ጥቂት ሣር መዘዙ፣ ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው እያሹ ገመዱት፣ ማንገቻዬንም ቋጠሩልኝ። ቋጠሮው ደብረ ብርሃን እስክገባ አልላላም።