ጤፍ በመስመር መዝራት ላይ መመረቂያ ጽሑፍ ለምትሠሪው እህት

«ምሥራቅ ጎጃም ገበሬው ጤፍ በመስመር መዝራትን ተቀብሎታል ወይ ብዬ ላጠና ነው፤ መጠይቁን እንዴት ላውጣው?» ላልሽው።

1. «በመስመር ትዘራለህ?» የሚለውን ጥያቄ ዛሬውኑ ሰርዢው። ለዓመታት በዘመቻ የተሰበከ ነገር ነው፤ የልማት ሠራተኛው አጠገብሽ ቆሞማ «አዎ» የማይል የለም። ይልቅ ለአንድ ጥማድ ስንት ዘር እንደሄደ ጠይቂ። በመስመር ሲሆን የሚመከረው ለሄክታር 5 ኪሎ ግድም ነው፤ በብተና 25 እስከ 30 ይሄዳል። ጥማዱን ሩብ ሄክታር ካልሽው፣ አንዱ 1 ኪሎ ከሩብ፣ ሌላው 6 ወይም 7 ኪሎ ነው። «በመስመር ነው» ብሎ 6 ኪሎ ካለሽ በትኗል። አትከራከሪው፣ ሁለቱንም ጻፊ። በጣሳ ከነገረሽ ጣሳውን አስመጥተሽ መዝኚ፤ የጣሳ ነገር ከቤት ቤት ይለያያል።

2. ማሳውን ሳታዪ አትመለሺ። ኅዳር ላይ ሳይታጨድ፣ ካለፈሽም ከብት ሳይገባበት ሂጂና በሜትር ለኪ፤ በመስመሮቹ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ነው የሚባለው። መንገድ ዳሩ በመስመር፣ ወደ ውስጥ ብትን ሆኖ ካገኘሽውማ ጽሑፍሽ እዚያው ተገኘ።

3. ስለ ጉልበት። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ በጣት ማንጠባጠብ ያሰለቻል፤ ክዳኑ በተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ የሚዘራ አለ። አንዱ መስመር ያወጣል፣ አንዱ ያንጠባጥባል፣ አንዱ ያለብሳል። ስለዚህ «ስንት ሰው ነበራችሁ? በወንፈል ነው በቤት ሰው? ምሳውንና ጠላውን ማን አዘጋጀ?» በዪ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ባልየው ፊት አትጠይቂ፤ ሴቶቹን ለብቻ፣ ቢቻል በሴት ጠያቂ። ቴክኖሎጂው ማኅበረሰቡን የሚነካው እዚህ ላይ ነው እንጂ «ተቀበለ፣ አልተቀበለም» የሚለው ሠንጠረዥ ላይ አይደለም።

ምርት ጨመረ ሲሉሽ ደግሞ ዘሩን ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተባለ የተሻሻለ የጤፍ ዝርያ፣ ማዳበሪያውና መስመሩ እንደ አንድ ጥቅል ነው የተሰጠው። ሦስቱን ለየብቻ ካልጠየቅሽ ቁንጮ ያመጣውን ለመስመሩ ትሰጪዋለሽ።

በተለመደው የናሙና ቀመር የሚወጣውን 384 ሰው ካልጠየቅሽ የሚል አማካሪ አይጠፋም። ለመጀመሪያ ዲግሪ ማሳቸው የታየ 25 አባወራዎችና ሁለት የቡድን ውይይት ይበቃል፤ ምክንያትሽን በጽሑፍ አስገቢለት። ገበሬ የምታገኚው በ12፣ በ21 ወይም በ29 ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ በሬ አይጠመድም። የዲፓርትመንቱን ደብዳቤ በሦስት ኮፒ ያዢ፦ ለወረዳ ግብርና፣ ለቀበሌ፣ አንዱ ከቦርሳሽ አይውጣ። የወረዳው «ነገ ነይ» ሊጀምር ስለሚችል ሰኞን አትምረጪ፤ ስብሰባ ነው።