መልስ፦ ለጋሪ ፈረስ የሚሆን የታሰረ ድርቆሽ ጥራት በምን ይለያል?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጅማ ውስጥ ለጋሪ ፈረስዎ በማሽን የታሰረ ድርቆሽ ሲገዙ ጥራቱን በምን እንደሚለዩ ጠይቀዋል። አስቀድመው ሻጩ አንዱን እስር እንዲፈታልዎ ይጠይቁ፤ ላዩ በፀሐይ ገርጥቶ ውስጡ አረንጓዴ የሆነ ድርቆሽ ብዙም አያሳስብም፣ ላዩ አምሮ መሃሉ የጠቆረ ወይም ሻጋታ የያዘ ግን ምንም ርካሽ ቢሆን መገዛት የለበትም። እጅዎን ወደ መሃሉ ሲያስገቡ ሙቀት ወይም እርጥበት ከተሰማዎት ሣሩ በደንብ ሳይደርቅ ታስሯል ማለት ነው፤ ሳይበላሽ እንዲቆይ እርጥበቱ ከ15 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ ከክረምት አልፎ ስለሚዘልቅ በአካባቢያችን ዋናው ችግር ይኸው ይመስለኛል። ሲያራግፉት አቧራ የሚያቦን ከሆነ የፈረሱን ሳንባ ይጎዳል። ፈረስ እንደ ላም አያመነዥክም፣ ማስታወክም አይችልም፤ ስለዚህ «ለከብት ይሆናል» የተባለ የሻገተ መኖ እሱን በሆድ ቁርጠት ሊገድለው ይችላል፣ ይህን አደራ እላለሁ። ቅጠሉ የበዛና አገዳው ለስላሳ የሆነው ዘር ከማፍራቱ በፊት የታጨደ ስለሆነ ይሻላል። ተከትፎ የሚሸጠውን አልመክርም፤ ቅጠሉን ከአገዳው፣ ሣሩንም ከአረሙ ለመለየት ያስቸግራል።