መልስ፦ አንጂዮግራፊ ማሽን ሳይኖረን በምን እንጀምር?

ዶክተር፣ «የዩኒቨርሲቲ ባልሆነ የሰሜን ሸዋ ሆስፒታል በምስል የሚመራ ሕክምና መጀመር ይቻላል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ይቻላል። የደም ሥርን በኤክስሬይ የሚያሳየውን የአንጂዮግራፊ ማሽን አይጠብቁ፤ ባላችሁ አልትራሳውንድ ይጀምሩ።

እኔ ብሆን የምጀምረው ከጉበት መግል ነው። ቦታውን በሊዶኬይን አደንዝዘው፣ የመርፌው ጫፍ ስክሪኑ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ መግሉ ውስጥ ሲገባ እያዩ፣ በመርፌው ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ደግሞ መግሉን የሚያፈስስ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ያስገባሉ። ስዊድናዊው ሐኪም ሰልዲንገር በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ነው፤ ዛሬም አልተሻረም። ይህ ካልሆነ ከሸዋ ሮቢት በኩል የሚመጣ ሕመምተኛ እያተኮሰው የጣርማ በርን ጉም በአምቡላንስ ያቋርጣል፤ ደብረ ብርሃንም ካልተሳካ እስከ አዲስ አበባ ገና 130 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለም።

ቀጥሎ የተዘጋ ኩላሊትን ሽንት በካቴተር ማፍሰስ ነው። እሱ ግን ሊደማ ይችላል፤ ፕላትሌት (ደም የሚያረጉ ሕዋሳት) ከ50,000 በላይ፣ አይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያ) ከ1.5 ያልበለጠ መሆኑን ሳያዩ መርፌ አያንሱ። ደምና የቀዶ ሐኪም በቅርብ ይኑር።

አደራ የምልዎት ስለ ነርሶቹ ነው። አንድ ጊዜ በደንብ የገባ ካቴተር፣ ዋርድ ላይ በሳላይን (በጨው ውሃ) የሚያጥበው ጠፍቶ በሦስተኛው ቀን ተደፍኖ አገኘሁት። ሰውዬው እንደገና ተወጋ። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ታካሚ በፊት ሁለት ነርሶች ያሠልጥኑ፤ የማጠቢያውን ሰዓትና የወጣውን መጠን የሚጽፉበት ወረቀትም አልጋው ላይ ይንጠልጠል።

ካቴተሩን በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ያስይዙ፤ መሐል ላይ ካለቀ ሥራው ይቆማል።